ሁለት መድኃኒት በአንድ ጭነት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላም አገር የሚነሣ ብዙ ሕዝብ ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዞ ወደ ሼክ ሁሴን ይጓዛል። ከተጓዡ መካከል ሕመምተኛ አይታጣም፤ ጀዋራ የሚባለውንም አፈር ለፈውስ ብሎ ይዞ ይመለሳል። ይህን እምነት ልንነቅፍ አልተነሣንም። ነገር ግን ከዚያ ሕዝብ መካከል ካንሰር የያዘው ቢኖር ሳይንስ ምን አዘጋጅቶለታል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ካንሰርን በአንድ መድኃኒት ብቻ መርታት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ያመለጠው ሕዋስ በሌላው እንዲያዝ፣ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መድኃኒቶችን አጣምረው መስጠት ጀመሩ። ሆኖም ሁለት አጋሰሶች ከጎባ እኩል ቢነሡ እኩል ላይደርሱ ይችላሉ። መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ሰውነታችን ፈጥኖ ያስወግደዋል፣ ሌላው ይቆያል። በቤተ ሙከራ የተመጠነው ልክ ከካንሰሩ ዘንድ ሳይደርስ ይፈርሳል።

የናኖ ቅንጣት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሊፖሶም የምትባለው ከስብ የተሠራች ከረጢት ስፋቷ 100 ናኖሜትር ያህል፣ ማለት የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች በእርስዋ ውስጥ ተመጥነው ይጫናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪክሲዮስ ለአንድ ዓይነት ከባድ የደም ካንሰር የሚሰጥ ሲሆን፣ በሞለኪውል ቁጥር 5 እጅ ሳይታራቢንና 1 እጅ ዳውኖሩቢሲን ይዟል። ከረጢቷም ልኩን ጠብቃ እስከ አጥንት መቅኔ ታደርሰዋለች። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 በሆኑ 309 ሕመምተኞች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ በተለመደው አሰጣጥ የታከሙት መካከለኛ የሕይወት ዘመን 5.95 ወር ሲሆን በቪክሲዮስ የታከሙት 9.56 ወር ሆነ። መድኃኒቶቹ የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው አጫጫናቸው ነው።

ይህን ሰምተን ለማጨብጨብ አንቸኩል። የተገኘው ጥቂት ወራት እንጂ ፍጹም ፈውስ አይደለም። በአይጥ ላይ መልካም ሆኖ ያየነው የናኖ ቅንጣት በሰው ዕባጭ ላይ ብዙ ጊዜ ደክሟል። ከዚህም በላይ ቪክሲዮስ ዋጋው ውድ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠም ይበላሻል።

እንግዲህ መድኃኒት ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ በደም ሥር፣ ሁለተኛው በአገር ውስጥ። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ሮቤ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ አጥንተን ሁለተኛውን ብንረሳ፣ ጭነቱ ከመቅኔ ይደርስና ከሼክ ሁሴን ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። የፋርማሲና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን አዲስ ጥበብ በጥናት ክበብ ይከታተሉ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ በመጪው የዝያራ ወቅት የስፍራውን ሽማግሌዎች አስፈቅደው፣ በጡት ላይ የሚወጣ ዕባጭና ያለ ወቅቱ የሚፈስ ደም ቶሎ ለሐኪም መታየት እንዳለበት ለተጓዡ በኦሮምኛ ያስረዱ። ዘግይቶ ለመጣ ሕመምተኛ እጅግ የረቀቀውም ከረጢት የሚያደርግለት ጥቂት ነውና።