የሊቅ ሽልማትና የመምህር ድርሻ



ከጣና የሚወርደው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ አስቀድሞ የገዚራን ሜዳ በመስኖ እያጠጣ በዋድ መዳኒ ከተማ በኩል ያልፋል። የሱዳን የእርሻ ምርምር ለብዙ ዘመን ያደገው በዚህች ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት ሊቅ ወደ ሱዳን ሄደው ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ድርጅት ሥራ ጀመሩ። እኒህም ሰው ዶክተር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው።

ሱዳናውያን ማሽላን ዱራ ይሉታል። ለኢትዮጵያ ደገኛ ጤፍ የዕለት እንጀራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለሱዳን ገበሬም ዱራ እንዲሁ ነው። ዶክተር ገቢሳ የተለያዩ የማሽላ ዘሮችን በማዳቀል ድርቅን የሚችል፣ ምርቱም ከቀድሞው የበለጠ ዘር አገኙ። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1983 «ሐጂን ዱራ አንድ» ተብሎ ለገበሬዎች ተሰጠ፤ ሐጂን ማለት በዐረብኛ ድቅል ማለት ነው። በአፍሪካ ለገበያ የዋለው የመጀመሪያው ድቅል ማሽላ ይህ ነው። በኋላም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዘሮችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። ስለዚህም ድካማቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ሽልማቱ በስንዴው ሊቅ በኖርማን ቦርሎግ አሳሳቢነት የተቋቋመና ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጥ ነው።

በዘሩና በሽልማቱ መካከል 26 ዓመት አለ። ሽልማት አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የሚመጣ ምስጋና ስለ ሆነ፣ ሊቁን ያፈራው ኃይል በሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት። ዶክተር ገቢሳ የተወለዱት በምዕራብ ሸዋ፣ በወሎንኮሚ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው ራሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ ልጃቸው እንዲማር ቆረጡ። ልጁም እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ ዓርብም ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዚያም የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተቀበሉት። በነዚህ ሁሉ ደረጃዎች የቆሙ መምህራን ነበሩ፤ ስማቸው ግን በሽልማቱ ላይ አልተጠራም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ሸክሙን የተካፈሉት ሁሉ ጌጡንም ቢካፈሉ ተገቢ ነበር። በኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት መምህርነትን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ማክበሩ ስለዚህ የሚያስመሰግነው ነው።

የድቅል ዘር ጠባይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከአዝመራው የተቀመጠው እህል ተመልሶ ቢዘራ እንደ ፊተኛው አያፈራም፤ ስለዚህ ወላጆቹ ዘሮች በየጊዜው እንደ ገና ሊዳቀሉ ይገባል። ዶክተር ገቢሳም ይህን ዐውቀው በሱዳን ድቅል ዘር የሚያባዛና የሚሸጥ ሥራ እንዲቋቋም ደከሙ። ሊቃውንትም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ትውልድ ያፈራቸው ለሚቀጥለው አይበቁም፤ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሥራውን ከመጀመሪያው መጀመር አለበት።

ይህ ሥራ ሲቋረጥ የሚደርሰውን ጉዳት ሱዳን አይታለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት ዩኒቨርሲቲዎችንና የምርምር ቤቶችን አፈረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያው ዋድ መዳኒ ሲደርስ፣ የአገሪቱ የሰብል ዘር የተከማቸበት ቤት ተዘረፈ። በሰላም ጊዜ ሊቅን የሸለመ አገር ሁሉ ጎተራውንና ትምህርት ቤቱን ካልጠበቀ፣ ወደ ፊት የሚሸልመው ሰው ያጣል።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ በዓመቱ መዝጊያ በዓል በሳይንስ ብልጫ ላገኘው ተማሪ ሽልማት ሲሰጥ፣ ያስተማሩት መምህራን ስም ከእርሱ ስም ጋር ይነበብ፤ በመዝገብም ይጻፍ። በገጠር ትምህርት ቤት ከኖራ ሣጥኑ ጋር የሚደክመው መምህር በዚያን ጊዜ የሥራውን ፍሬ ያያል፤ ተማሪውም ዕዳ እንዳለበትና ዕዳውም የሚከፈለው ሌላውን በማስተማር እንደ ሆነ ይረዳል። ለካርቱምና ለዋድ መዳኒ መምህራንም ሰላም ጸንቶላቸው ይህን በዓል ከተማሪዎቻቸው ጋር ለማክበር ያብቃቸው።