የቆመ ወሰን፦ የምርጫ ክልሎች አከላለልና ያልተደረገው ቆጠራ



የምርጫ ክልልን ወሰን እንደገና ስለማካለል ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ለአንድ ወገን እንዲያደላ የተጣመመ መስመር ነው። የእኛ ዋነኛ ችግር ግን የመስመሩ መጣመም ሳይሆን ባለበት መቆሙ ነው።

አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። ሶማሌ ክልልም 23 አለው። በሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን፣ ሶማሌ ክልል ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ተቆጥሮላቸዋል። በአማካይ ሲሰላ አንድ የአዲስ አበባ ተወካይ 119 ሺህ፣ አንድ የሶማሌ ተወካይ 193 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። እዚህ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚኖር ነጋዴ ድምፅ በዋርዴር ከሚኖር አርብቶ አደር ድምፅ 1.6 እጥፍ ያህል ይመዝናል ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም መሠረት ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ዳግመኛ ተላለፈ። ቆጠራ ከሌለ ረቂቁ የሚቆምበት መሠረት የለም።

በይፋ የተሰጠው ምክንያት የጸጥታ ሁኔታ ነበር፤ ምክንያቱም ሐሰት አልነበረም። እኔ ግን ከበስተጀርባው ያለውን ሒሳብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። የዚያን ቆጠራ ጠቅላላ ሕዝብ፣ 73.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ለ547 መቀመጫ ብናካፍል ለአንድ መቀመጫ 135 ሺህ ያህል ይደርሳል። በዚህ ስሌት ለሶማሌ ክልል የሚገባው 33 መቀመጫ ገደማ ነው። አንቀጽ 54 ግን የምክር ቤቱን አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦታል። የቀሩት መቀመጫዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሌላው ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ካልተሰጠ በቀር ከየትም አይመጣም። በዚያው ስሌት ኦሮሚያና አፋር ይጎድላቸዋል፤ አማራና አዲስ አበባ ይተርፋቸዋል። የአማራ ክልል የቆጠራ ውጤት ደግሞ ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ምክር ቤት ድረስ የደረሰ ክርክር አስነሥቶ ነበር። እንግዲህ ቆጣሪው ቤት ሲያንኳኳ ወንበርም ይዞ ይመጣል፣ ወንበርም ይዞ ይሄዳል፤ ማንም የማይቸኩልበት ለዚህ ይመስለኛል።

መቀመጫ መጨመር ብቻውንም አይበቃም። የምርጫ ሕጉ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። መርካቶ ውሎ ጀሞ ወይም የካ አባዶ ለሚያድር ሰው ይህ አያስቸግርም፤ ሕጉ የሚያውቀው መኖሪያውን ነው፣ መኖሪያውም አንድ ነው። ዝናብና ግጦሽ ተከትሎ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን የስድስት ወሩ መኖሪያ የትኛው ነው? በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ ቦርዱ አፋርና ሶማሌ በሚወዛገቡባቸው ስምንት ቀበሌዎች ጣቢያ እንዳይከፈት ወስኖ ነበር። የአስተዳደር ወሰኑ ባልጠራበት የምርጫ ክልሉን ማካለል የቱን ያህል እንደሚቻል፣ የሕግ ተማሪዎቻችንን ሐሳብ መስማት እሻለሁ። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።