ሐሰተኛው አንቲቫይረስ

አድማጮቻችን፣ ኢንተርኔት ላይ ሳላችሁ «ኮምፒውተርዎ በ38 ቫይረሶች ተበክሏል! አሁኑኑ ያጽዱ!» የሚል ቀይ መስኮት ከነጩኸቱ ድንገት ብቅ ቢል አትደንግጡ። መጀመሪያ ይህን የሚለኝን ፕሮግራም ማን ጫነው ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ ካልጫናችሁት፣ ታማችኋል የሚላችሁም መድኃኒቱን የሚሸጥላችሁም ያው አንድ ሰው ነው። ደግሞ አንድ ድረ ገጽ በብሮውዘር በኩል የኮምፒውተራችሁን ፋይሎች ሊመረምር አይችልም። ያ መስኮቱ ላይ እየሮጠ ቫይረስ የሚቆጥረው ነገር ተራ አኒሜሽን ነው።

ንግዱ ግን ተራ አይደለም። ዊንፊክሰርንና ኤክስፒ አንቲቫይረስን የመሳሰሉ ሐሰተኛ ፕሮግራሞችን ከሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው የሸጡትን የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. ከሰሳቸው፤ በ2012 ፍርድ ቤቱ ከተከሳሾቹ በአንዷ ላይ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደባት።

መስኮቱ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት አትንኩ፤ እሷም ወጥመድ ልትሆን ትችላለች። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ብሮውዘሩን ከዚያ ዝጉት። ፕሮግራሙ ተጭኖ ከሆነ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነሱና ከፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ አጥፉት። እምቢ ካለ፣ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር በነጻ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» የሚባል ፍተሻ አለው፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ተንኮለኛው ፕሮግራም መደበቂያ ያጣል።

የካርድ ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ይቆይ፤ ቀድማችሁ ለባንካችሁ ደውሉ።