ጅራታም ኮከብ ከአዊ ሰማይ መቼና በየት በኩል ይታያል?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ብዙ ሰው ጅራታም ኮከብ ሲባል ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ተወርዋሪ ኮከብ ይመስለዋል። ጅራታሙ ግን እንዲያ አይሮጥም፤ የቆመ መስሎ በየማታው ቦታውን ጥቂት በጥቂት ይለውጣል። ሥሪቱ በረዶና አቧራ ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ ጅራት ያወጣል፤ ጅራቱም ምን ጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒ ይዘረጋል።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደምቀው በፀሐይ አጠገብ ሳለ ነው። የሚታየውም ወይ ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቅ፥ ወይ ፀሐይ እንደ ጠለቀች በምዕራብ ነው። በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፥ ጨለማውም ቶሎ ይደርሳል። የሰሜን አውሮፓ ሰው ጨለማውን ሲጠብቅ ኮከቡ ሊጠልቅበት ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. የመጣውን ጹቺንሻን አትላስ የተባለውን እናስታውስ። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን ነበር፤ ለምድር የቀረበው ጥቅምት 2 ቀን፥ በ71 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ነው። በዚያ ሰሞን ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፥ የምሽት ኮከብ ከምንላት ከቬኑስ በስተ ቀኝ፥ ያለ መነጽር የሚታይ ነበር። ጥቅምት 7 ቀን ጨረቃ ሞላችና አደበዘዘችው።

ከዳንግላ ወደ ምዕራብ ምድሩ ወደ በለስ ቆላ ስለሚወርድ አድማሱ ዝቅ ያለ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ግን የዲከረንስ ዛፍ ይጋርደዋል፤ የከሰሉም ጢስ ምሽት ላይ ይተኛበታል። ከሰል የብዙዎቻችን እንጀራ ነውና አንነቅፈውም፤ ኮከብ ማየት የሚሻ ሰው ግን ከዛፉ ወጥቶ ወደ ግጦሽ ሜዳ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን፥ ወደ ሃሌይ ኮከብ እንምጣ። ይህ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይመለሳል። በ1902 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ታመው ሳሉ መጣ። በ1978 ዓ.ም. ሲመለስ በመጋቢት፥ በበጋው ሰማይ፥ ከንጋት በፊት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይታይ ነበር፤ ያያችሁ ወላጆች ካላችሁ ንገሩን።

ዳግመኛ ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ በአዊ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም! ዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ተማሪ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ እዚሁ ከቆየም ኮከቡ ከደመና በላይ ሊያልፈው ይችላል። በጎዴ አካባቢ ግን ሐምሌ ደረቅ ወር ነው፤ ከመካከላችን ወደዚያ ለመሄድ ከአሁኑ የተስማሙ አሉ።

አሁን የኮከቡን መንገድ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥለን እናሳያችኋለን።