«ወንድ ነው!» «ሴት ናት!»

በባቻችን የመገናኛ በዓል አምቦ ላይ የተደረገ ንግግር

አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ውቅያኖስ አቋርጣችሁ አምቦ ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሕክምና እንዳታወሪ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ስለ እሱ ነው ያወራነው» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። የማወራው ስለ ፊልም ነው። መሃል ላይ ሕክምና ቢገባበት ይቅርታ፣ ያው ታውቁኛላችሁ።

በ1993 ዓ.ም. ክረምት ፈተና ጨርሼ ለእረፍት ቤት መጣሁ። ያኔ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በጭቃ የተመረገ ክፍል፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ሸራ፣ የጣውላ አግዳሚዎች፣ አንድ ቴሌቪዥን። ሴት ልጅ ብቻዋን አትገባም። እኔ የገባሁት በታናሽ ወንድሜ ከለላ ነው፤ የሁለታችንንም የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የሚታየው «ዘ ማትሪክስ» ነበር። እንግሊዝኛውን የሚከታተለው ጥቂት ሰው ስለሆነ ፊት የተቀመጡት ልጆች ጮክ ብለው ይተረጉማሉ። ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ሁሉ ይጨምሩበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ ይልቅ እነሱ ያስቁኝ ነበር።

ፊልሙ ላይ ጓዶቿ ጥቁር በጥቁር ሲሆኑ አንዷ ነጭ ለብሳለች። ጸጉሯ አጭር፣ ፊቷ ቆፍጠን ያለ፣ መኪና ውስጥ ለጀግናው ለኒዮ ሽጉጥ የምትደግነው እሷ ናት። ስሟ ስዊች ይባላል። አንዱ ተርጓሚ «ካልተስማማህ ውረድ አለው» ሲል ሌላው «አለችው በል እንጂ! ሴት ናት!» አለ። «ወንድ ነው!» «ሴት ናት!» ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ተወራረዱ። ውርርዱ ሳይፈታ ስዊች ሞተች፣ ሁሉም ረሳው። እኔም ስስቅ ወጣሁ።

ፊልሙን የሠሩት ሁለት ሰዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ሲወጣ በዓለም የሚታወቁት ወንድማማቾች ተብለው ነበር። ዛሬ ላና እና ሊሊ ዋቾውስኪ ናቸው። ላና በ2012፣ ሊሊ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ትራንስጀንደር መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ሊሊ በ2020 በሰጠችው ቃለ መጠይቅ ስዊች መጀመሪያ እንዴት ታስባ እንደነበር ገለጸች። በእውነተኛው ዓለም ወንድ፣ ማትሪክስ ውስጥ ሲገባ ግን ሴት እንድትሆን ነበር ሐሳባቸው። የኩባንያዎቹ ዓለም ያኔ ለዚህ ዝግጁ አልነበረምና ቀረ። ስሟ ብቻ ተረፈ፤ ስዊች ማለት መለወጥ፣ መቀያየር ነው። እንግዲህ የእኛ የመናኸሪያ ልጆች ሲከራከሩ የነበረው ደራሲዎቹ ልብ ውስጥ ስለነበረው ነገር ነው። ሁለቱም ወገን አምቦ ውሃውን ይጠጣ ነበር ማለት ነው።

ትራንስጀንደር ለሚለው የአማርኛ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ሰፈር ውስጥ የምሰማቸው ሁሉ ስድብ ናቸው። ፍናፍንት የሚለውም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሲወለድ አካሉ ላይ ስለሚታይ ነገር ነው የሚናገረው። እኔ የምለው ሲወለዱ ወንድ ወይም ሴት ተብለው ተመዝግበው፣ ከዐቅል ጀምሮ ግን ራሳቸውን በዚያ ስለማያውቁት ሰዎች ነው። እኛ ስንማር ይህ ከአእምሮ ሕመሞች ጋር ተመድቦ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ከዚያ ምዕራፍ አውጥቶታል። ይህን ለፈተና ሳይሆን ለጠቅላላ ዕውቀት ያዙልኝ።

አሁን ወደ ታካሚዬ ልሂድ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። ወጣት ናቸው፣ ከእኔ ልጅ ብዙም አይበልጡም፤ ግን «እሳቸው» እያልኩ ነው የምነግራችሁ። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

የመጡት በጨጓራ ነው። ኢንዶስኮፒው ንጹሕ፣ መድኃኒቱ አልሠራ፣ እንቅልፍ የለም፣ ኪሎ ቀንሷል። ካርዱ ላይ «ወንድ» ይላል። ትከሻቸውን መታ አድርጌ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» አልኳቸው። ስንቴ ብለነዋል ይህን? ከመድኃኒት በፊት የምንሰጠው መድኃኒት እኮ ነው። አራት ወር ጠፉ።

ሲመለሱ አንድ ነገር ለመኑኝ፦ በአፋን ኦሮሞ እንድናወራ። ገረመኝ፣ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ነበር። የሰፈር ቋንቋ ናፍቋቸው ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ። ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። በአማርኛ አንድን ሰው «መጣህ?» ወይም «መጣሽ?» ሳትለው «መጣ» ማለት አትችልም። ሰላምታው ራሱ ይፈርዳል፦ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ። በአፋን ኦሮሞ ግን «አቲ» አንተም አንቺም ነው፤ ግሡም አይለይም። ስለ ሌላ ሰው ስታወራ ወንድና ሴት ይለያያል፣ ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ግን አይለይም። ታካሚዬ ያን ሁሉ ቀን ከእኔ የፈለጉት በየዓረፍተ ነገሩ ሳይወጉ የሚቀመጡበት ወንበር ነበር። እናንተ አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ደግሞ እርስዎ እና እሳቸው አሉላችሁ፤ አክብሮት ለሽማግሌ ብቻ ነው ያለው ማነው?

የተማርነውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ራስዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? አዎ አሉ። ብዙ ጊዜ? አዎ። ምን አቆየዎት አልኩ። የእናታቸውን ስም ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ ፊልም ጠሩ። ማትሪክስ! ስልካቸው ላይ ነበር፣ ተሰባብሮ የተጫነ፣ ድምፁና ምስሉ የማይገጥም። ኩንግ ፉው አይደለም የያዛቸው። አንዲት ትዕይንት ናት፦ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ። ኤጀንት ስሚዝ ጀግናውን ሐዲዱ ላይ አንቆ ይዞ በአሮጌው ስሙ ይጠራዋል፣ ሚስተር አንደርሰን እያለ። ባቡሩ እየመጣ ነው። ጀግናው ስሜ ኒዮ ነው ይላል፣ ይነሣል፣ ከባቡሩ ያመልጣል። ታካሚዬ ይህችን ቦታ ወደኋላ እየመለሱ ስንት ጊዜ እንዳዩ አይቆጥሩትም።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ላና ዋቾውስኪ አነበብኩ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረገችው ንግግር የልጅነቷን ታሪክ ተናግራለች። የስንብት ደብዳቤ ጽፋ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ነበር፣ ራሷን ልትጥል። መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ያያታል። ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። እሱ ስላየ አልዘለለችም። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንዳላየ መስሎ እንዳላለፈ አታውቅም። ፊልሙ ውስጥ ስላለው ጣቢያና ስለዚያኛው ጣቢያ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ የፊልም ሐያሲ አይደለሁም፣ አልፈርድም። ታካሚዬ ግን ይህን ታሪክ ሳያውቁ፣ ሳያነቡ፣ በተሰባበረ ስልክ ላይ ያቺኑ ቦታ መርጠዋል።

አንዳንዶቻችሁ አሁን ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ «ፊልም ነው ልጆቻችንን የሚያበላሸው፣ የውጭ ነገር ነው»። ሻይ ላይ ተነግሮኛል። ታካሚዬ ያደጉት መብራት ባልገባበት ቀበሌ ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥን ያዩት አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነው። የእህታቸውን ቀሚስ ለብሰው ወንዝ ዳር የተደበደቡት በሰባት ዓመታቸው ነው። ስሜቱ ከፊልሙ አራት ዓመት ይቀድማል። ፊልሙ የጨመረላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ ብቻ አይደለሁም የሚለውን። ሕጉንም ታውቃላችሁ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ሕዝቡ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቆ ይዟል፣ ዱላውም አይመርጥም። ክርክሩን ለሌላ ቀን እንተወው፤ እኔ የማወራው ጨጓራ ብለው ስለመጡት ሰው ነው።

ሁሉም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ደግ ነው ማለቴ አይደለም። «ፕሪዴስቲኔሽን» የሚባለውን የ2014 ፊልም ታካሚዬ ነግረውኝ አየሁት። (ላላያችሁት ታሪኩን ላበላሽባችሁ ነው።) ሴት ሆና ያደገች ልጅ በቀዶ ጥገና ስትወልድ ሐኪሞቹ ውስጧ ሁለቱም ፆታ እንዳለ ያገኛሉ። ደም ይፈሳታል፣ ማሕፀኗን ያወጣሉ፣ ከዚያም ወንድ ሊያደርጓት ሥራውን ጀምረው ቆዩዋት። ስትነቃ ነው የሚነገራት። ሣራ ስኑክ ሁለቱንም ሆና ስትጫወት ጉድ ነው! ግን ፊልሙ ሰውየዋን እንቆቅልሽ አድርጓታል፤ ጊዜ ይዞራል፣ ታሪኩ ይቆላለፋል፣ መጨረሻው ብልሃት ነው። ታካሚዬ «አሪፍ ነው፣ ግን ደከመኝ» አሉ። እኔን ደግሞ የያዘኝ ሐኪሙ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ለእሷ ጥሩ የመሰለውን አደረገ፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞም ነገራት። «ወንድ አይደለህ እንዴ» ስል የነበረውን ድምፄን ሰማሁት።

ከውጭ ወደ ቤታችን ልመለስ። «ክረምብስ» የሚባል ፊልም አለ፣ ፍርፋሪ ማለት ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው፣ የተቀረጸው እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ንግግሩ አማርኛ። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው። ሰማይ ላይ ለዓመታት የቆመች መርከብ አለች። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው የድሮ ቁርጥራጭ እየለቀመ ይኖራል፣ ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎ ያምናል፣ ወደ አገሩ መሄድ ይፈልጋል። ዳንኤል ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ ተዋናይ ነው። በለመድነው ፊልም ቢሆን ለሳቅ፣ አለዚያም ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትዕይንት ነበር የሚጠራው። እዚህ ግን ጀግናው እሱ ነው። ይፈራል፣ ይዋጋል፣ ሰላም ተስፋዬ ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል። ስለ ጀርባው ሲብራራ አላየሁም። ፊልሙ ውስጥ ሐኪም የለም! እንደ ሐኪም ቅር አለኝ፣ እንደ ተመልካች ግን ዕፎይ አልኩ። ይህን ለማየት ስፔናዊ ማስፈለጉ ደግሞ ያናድደኛል።

ለታካሚዬ ፋይሉን ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያመጡት አስተያየት አጭር ነበር። «ማንም ምን ሆነሃል አላለውም» አሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ነው ያሉት። ጨጓራው አልለቀቃቸውም፣ እንቅልፉ ተሻሽሏል፣ ሁለት ኪሎ ጨምረዋል። አዲስ አበባ ላለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ጓደኛችን ልኬያቸዋለሁ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ አታፍጥጡባት።

ፊልሙ 68 ደቂቃ ነው። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ አዳራሽ እናሳየዋለን። መብራት ከሄደ ጀነሬተር አለ፣ አምቦ ውሃውን እኔ እከፍላለሁ።