በጋራ ስለሚመረመር የአንጎል ምስል



በመልካ ጀብዱም ሆነ በመካከል ድሬዳዋ የምትኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ኤም.አር.አይ. የተባለው መሣሪያ በማግኔት ኀይል የሕያው ሰውን አንጎል ምስል እንደሚያነሣ ሰምታችኋል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ምስሉ ከተነሣ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

መሣሪያው ዋጋው የከበደ ስለ ሆነ፣ አንድ ተመራማሪ ብቻውን የሚያነሣው የጥቂት ሰዎችን ምስል ነው። ከጥቂቶች የተገኘ ውጤት ደግሞ ሌላው ሲደግመው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይህን ችግር ለማቃለል በ2002 ዓ.ም. በ35 ማእከሎች የተነሣ ከ1,000 በላይ የፈቃደኞች የአንጎል ምስል ያለ ክፍያ ለተመራማሪዎች ተከፈተ። እንግዲህ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ የመልካ ጀብዱ ወጣት፣ ኮምፒዩተርና መስመር ካገኘ፣ መሣሪያውን በዐይኑ ሳያይ ምርምር ሊጀምር ይችላል ማለት ነው።

ሆኖም ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናንተው ታውቃላችሁ። ምስሉም እንዲሁ ነው፤ የሰውየው ዕድሜና ፆታ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ሌላው ቀርቶ በምርመራው ጊዜ ዐይኑን ገልጦ እንደ ነበር ወይም ጨፍኖ፣ ይህ ሁሉ ካልተጻፈ ከሌላው ጋር ማስተያየት ያሳስታል። ስሙ ቢፋቅም ከራስ ምስል ላይ ፊቱን መልሶ መሥራት ስለሚቻል፣ ምስሉ ከመሰጠቱ በፊት የፊቱ ክፍል እንዲቆረጥ ይደረጋል። የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን በብርቱ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዝዛል፤ ተገቢም ነው።

መስጠት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የድንቅነሽ የትከሻና የጉልበት አጥንቶች ምስል በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ለዓለም ተከፍቷል። የሕያዋኑ አንጎል ነገር ግን ገና ነው። ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ጫት ይዞ መቀመጥ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ዘመኑን ሁሉ የቃመ ሰው አንጎሉ ምን እንደሚሆን ለመጠየቅ፣ ጫት አይቶ የማያውቅ የላይፕዚግ ተማሪ ምስል ብቻውን ምን ይጠቅማል? የሚቅመውንና የማይቅመውን የአንድ ሰፈር ሰው ጎን ለጎን ማየት፣ ትምባሆውንና የእንቅልፍ እጦቱንም ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ምስሉ ይዘግይ፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የድል ጮራ ሆስፒታል ባለሙያዎች ግን መጠይቁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አዘጋጅተው፣ የሰዎቹን ፈቃድ በጽሑፍ እየተቀበሉ ከወዲሁ ሊጀምሩ ይችላሉ።