ሥራው የማን ነው?
ስለ ሶፍትዌር አሠራርና ስለ ኃላፊነት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሥራን ከፋፍሎ መሥራትና ስለ ሥራው መጠየቅ የመምህርም ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ለጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ሶፍትዌር ሲሠራ ለብዙ ዘመን የተለመደው ሥርዓት የሕንፃን ሥራ ይመስል ነበር። አስቀድሞ ፍላጎቱ ሁሉ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ንድፉ ይወጣል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሙከራው ግን ወደ መጨረሻው ይቆያል። ዊንስተን ሮይስ የተባለው አሜሪካዊ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህ አካሄድ ለውድቀት የሚያጋልጥ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር፤ ስሕተቱ የሚገለጠው ጊዜውና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነውና።

በፌብሩዋሪ 2001 እ.ኤ.አ. 17 ባለሙያዎች በአሜሪካ በዩታ ግዛት፥ ስኖውበርድ በተባለ ተራራማ ስፍራ ተሰብስበው አጃይል የተባለውን መግለጫ አወጡ። ዕቅድና ሰነድ ጥቅም እንዳላቸው ሳይክዱ፥ የሚሠራን ፕሮግራምና ከደንበኛ ጋር መተባበርን አስቀደሙ።

ለአብነት ያህል አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ሮስተር በኮምፒዩተር እንዲሠራለት አዘዘ እንበል። ባለሙያዎቹ ዓመት ሙሉ ደክመው ሲያስረክቡ፥ መምህሩ በስሕተት ያስገባውን ማርክ ማረም የማይችል ሆኖ ቢገኝ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንድ ክፍል ማርክ ብቻ የሚደምር ፕሮግራም ሠርተው ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ቢያሳዩ ኖሮ፥ ጉድለቱ በጊዜው ይታረም ነበር።

ይሁን እንጂ ዲሬክተሩ ሪፖርት፥ ገንዘብ ያዡ የክፍያ መዝገብ፥ መምህሩ ሮስተር ይቅደምልኝ ቢሉ ማን ይወስናል? ስክረም በተባለው ሥርዓት ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጥ ጊዜ እየተከፈለ ይሠራል፤ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስነውም «የምርቱ ባለቤት» የሚባለው ነው። መመሪያው ይህ ኃላፊነት ለአንድ ሰው እንጂ ለኮሚቴ እንዳይሰጥ ያዛል። እርሱ የሚቀድመውን ይለያል፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስኑት ግን ሠሪዎቹ ናቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሎሚው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ከሌለ፥ ሃምሳው ሰው በሃምሳ መንገድ ይበተናል። ባለቤት ተብሎ ተሹሞ «ይህ አሁን አይሠራም» ለማለት ሥልጣን የሌለው ሰውም ከመልእክተኛ አይለይም።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ የሆነው ዴቭ ቶማስ በ2014 እ.ኤ.አ. አጃይል የሚለው ስም ትርጉሙን እንዳጣ ጽፏል። ሠራተኞች በየማለዳው ተሰብስበው ቢነጋገሩ፥ ችግሩን ደፍሮ የሚናገር ከሌለ ስብሰባው ልማድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እኛስ? የተማሪውን ደብተር በየሳምንቱ የሚመለከት መምህር እስከ ዓመቱ ፈተና ከሚጠብቀው ይልቅ ብዙዎችን ከመውደቅ ያድናል። የቡድን ሥራ ስንሰጥ አንዱ ደክሞ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ሲጽፉ አይተናል። ስለዚህ ኮምፒዩተር የምናስተምራቸው ልጆች ሥራቸውን በየሁለት ሳምንቱ ለሚገለገልበት ሰው ያሳዩ፤ ስለ ቅደም ተከተሉ የሚጠየቀውም በየተራ አንድ ተማሪ ይሁን። ፕሮግራም መጻፍን ከማን እንደሚጠቅም ጥያቄ ለይተን ብናስተምር፥ እጃቸው የሠለጠነ፥ ለማን እንደሚሠሩ ግን የማያውቁ ወጣቶችን እናፈራለን።